ሊኑክስ ለእትዬ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከ30 ዓመት በላይ አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርት።

«ልጄ፣ ያቺ ጋሻ ነጥብ አወጣች። ልንካት ወይስ ልተዋት?»

«ይንኳት እትዬ።»

ነኳት። የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ። ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ። ቤት ውስጥ የተከፈተ ሬዲዮ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይተው «ጨረሰ፤ ተባረክ» አሉና ዘጉ።

ጋሻዋ በሊኑክስ ሚንት ላይ «አፕዴት መጥቷል» የምትል ትንሽ ምልክት ናት። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ሚንት ከዓይነቶቹ አንዱ ነው። እትዬ ሊኑክስን መጠቀም ከጀመሩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ላፕቶፑ የደወሉልኝ አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወር ሳይሞላ እጠራ ነበር። አንዴ ቫይረስ ነው። አንዴ ስክሪኑ መሐል ዘሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ነው። አንዴ ደግሞ «ዊንዶውሱ ኦሪጅናል አይደለም» የሚለው ጽሑፍ ነው። እሳቸው ይህን ባዩ ቁጥር ሳያውቁ የሰው ንብረት የነኩ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር።

ላፕቶፑን ይዛላቸው የመጣችው ልጃቸው ናት፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። አሥር ዓመት ሊሆነው ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ ራሙ 4 ጊጋ። ተከፍቶ እስኪያልቅ ቡና ተቆልቶ ይደርስ ነበር። ከልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። አንድ እሁድ ቁጭ ብዬ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩላቸው፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን፣ ለደካማ ማሽን የሚሆነውን። በዚያው ቀን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ፣ ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ፣ ገጠምኩለት። ይህን የምጽፈው ለሐቅ ብዬ ነው። ላፕቶፑ እንዲህ ከፈጠነ ግማሹ ምስጋና የኤስኤስዲው ነው። ሊኑክስ ብቻውን አሮጌ ማሽን አዲስ አደረገ ብል ሰው አሳስታለሁ።

እትዬ ላፕቶፑ ላይ ምን ይሠራሉ? ዩቲዩብ ከፍተው መዝሙርና ዜና ይሰማሉ። ቴሌግራም ያያሉ። ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይተያያሉ። የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ስለሆኑ ቃለ ጉባኤና የአባላት ስም ዝርዝር ይጽፋሉ። ከቃለ ጉባኤው በቀር ሌላው ሁሉ ብሮውዘር ውስጥ ያልቃል። ፋየርፎክስ ደግሞ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ያው ፋየርፎክስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ ስለ ሥርዓቱ መቀየር ማንሳት አቆሙ። ለእኔ ትልቁ ምስክር ይህ ዝምታቸው ነው።

ብዙ ሰው «ሊኑክስ ለተራ ሰው ይሆናል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ድሮ ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ!» እል ነበር። አሁን መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ምን ይሠሩበታል? ሲበላሽስ ማንን ይጠራሉ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ይህን የተማርኩት ደግሞ የምወደውን ሰው አስቸግሬ ነው። እመጣበታለሁ።

እኔ ከሊኑክስ ጋር የተዋወቅኩት በ2000 ዓ.ም. ነው፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ። ያኔ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ካኖኒካል፣ አድራሻውን ለላከ ሰው ሁሉ ሲዲ በፖስታ ይልክ ነበር፣ ያለ ክፍያ። የአባቴን መሥሪያ ቤት ፖስታ ሳጥን ቁጥር ሰጠሁ። ብዙም ተስፋ አላደረግኩም። ከሳምንታት በኋላ አባቴ አንድ ፖስታ ይዞ ገባ። ውስጡ ኡቡንቱ 8.04 አለ። ከማላውቀው ሰው፣ ከሩቅ አገር፣ ምንም ሳይጠየቅበት የመጣ ነገር። የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙንም የወሰደው ከዚያው አገር ቋንቋ ነው፣ «ሰው በሰው ሰው ይሆናል» ከሚለው አስተሳሰብ። ያኔ ይህ ነገር ልቤን ነክቶት ነበር። ዛሬም ይነካዋል።

ጭኜ ሳየው ግን ሌላ ነው። ኤምፒ3 እንኳ አያጫውትም። የፓተንት ጉዳይ ስላለበት ማጫወቻው ከሲዲው ጋር አይመጣም፤ ለብቻው ከኢንተርኔት ይወርዳል። ኢንተርኔት ደግሞ ያኔ በዩኒቨርሲቲው ላብ በሰልፍ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ዋይፋይም አልሠራ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ስጽፍ አደርኩ። እኔ ወድጄው ነው ያደረግኩት። እህቴ ግን አንዴ አየችውና «ይሄ ለእኔ አይሆንም» አለች። በዚያ ዘመን እውነቷን ነበር። ያኔ «ለተራ ሰው ይሆናል» የምንለው እኛ ወጣቶቹ ተሳስተን ነበር።

ነገሩ ሲጀመርም ለተራ ሰው ታስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ ያሳሰበው ሶፍትዌርን የመለወጥና የማካፈል ነጻነት ነው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ከርነሉን፣ የሥርዓቱን እምብርት፣ መሥራቱን ሲያሳውቅም ለጊዜ ማሳለፊያ የጀመርኩት ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ነበር ያለው። ዛሬ ግን ያ ከርነል አንድሮይድ ውስጥ አለ። «ሊኑክስ ከባድ ነው» የሚለኝ ሰው ራሱ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ስልኩን ሲገዛ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ተሰጠው፤ ሲበላሽበትም የሚወስድበት ሱቅ በየመንገዱ አለ። ዴስክቶፕ ላይ የጎደለው ይህ ይመስለኛል። ያልተጨረሰውን የሚጨርስ ሰው።

ስለ «ነጻ» አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ትርጉም፣ ነጻነት ላለውም ያለ ክፍያ ለሚገኘውም፣ አንድ ቃል ነው ያለው፤ «ፍሪ»። ስቶልማን «ስለ ዋጋ አይደለም የማወራው» እያለ ሲያስረዳ ኖሯል። እኛ ግን ዕድለኞች ነን። «ነጻ» ሌላ፣ «በነጻ» ሌላ። አንዲት «በ» ትለያቸዋለች። ኦፕን ሶርስ ማለት ሶርስ ኮዱ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ክፍት የሆነ፣ ማንም አይቶ፣ አስተካክሎ፣ ለሌላው ሊሰጠው የሚችል ማለት ነው። በነጻ መገኘቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እኛ አገር ደግሞ «በነጻ ነው» የሚለው ክርክር ማንንም አያሳምንም። ዊንዶውስም በእጃችን በነጻ ነው የገባው። ሰፈር ውስጥ ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ለድካሙ ይከፈለዋል እንጂ ለፈቃዱ የሚከፍል ብዙ አላየሁም። የኮፒራይት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክራኩ፣ ያለ ፈቃድ የሚያስጠቅመው ፕሮግራም፣ ግን በየፍላሹ አለ። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው የሚከፈለው። ክራክ ሲጫን መጀመሪያ የሚባለው «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ፕሮግራም የቤቱን በር ከፍተን እንሰጠዋለን። ከዚያ ባንክ በዚያው ኮምፒውተር እንገባለን። ይህ ነገር በእውነት ያሳስበኛል። ሊኑክስን ለእትዬ ስጭን ከፍጥነቱ ይልቅ የፈለግኩት ይህን ነው፤ ፕሮግራሞቹ ከአንድ የታወቀ ቦታ የሚመጡበት፣ ማንም ያልሰረቀው፣ የሚያስደነግጥ ጽሑፍ የማይወጣበት ማሽን።

አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት መጥቷል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን የደኅንነት አፕዴት የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይጠይቃል፤ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰርም በአብዛኛው አይቀበልም። የእትዬ አራተኛ ትውልድ ነው። እንደሱ ያለ ላፕቶፕ በየቤቱ፣ በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ አለ። «ሌላ ይግዙ» ማለት ቀላል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። መገናኛ ሄዳችሁ የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቁ። በጡረታ ደመወዝ አይታሰብም። ሚንት 22 ግን እዚያው አሮጌ ማሽን ላይ ተጭኖ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 አፕዴት ያገኛል። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው፤ አንዴ ያወረደ ሰው በፍላሽ ለአሥር ሰው ያካፍለዋል። ያውም በሕግ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ሁሉም ሊኑክስ ይጫን የምል ይመስለዋል። አይደለም። የአጎቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ።

የአጎቴ ልጅ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ተቀጥራ አይደለም፤ የአምስት ስድስት ትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ቤቷ ሆና ትሠራለች። ላፕቶፗ ተንቀራፈፈባት። የእትዬን አየች። «ለእኔም አድርግልኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ አደረግኩላት። ምን እንደምትሠራበት አልጠየቅኳትም። የማውቅ መስሎኝ ነበር። እዚህ አገር የሒሳብ ሥራ ማለት ግን ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት የተማረችው በእሱ ነው። ደንበኞቿ የዓመታት ሒሳባቸው ያለው በእሱ ነው። ኦዲተሩም ፋይሉን በእሱ ነው የሚጠይቃት። ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ መንገድ ሞከርኩ። ተከፈተ። ግን የሰው ሒሳብ አምኜ የማስቀምጥበት ሆኖ አላገኘሁትም፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይዘጋል።

ፕሪንተሩም ተከተለ። ትንሽ ሌዘር ፕሪንተር ናት፣ በየቢሮው የምትታይ ዓይነት። የሠራት ድርጅት ለሊኑክስ ያወጣው ድራይቨር፣ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አሮጌ ነው። አንድ ምሽት ሙሉ ታገልኩ። አንድ ገጽ አተመች፣ ከዚያ ቆመች። አዳዲስ ፕሪንተሮች ላይ ይህ ችግር በጣም ቀንሷል፤ ብዙዎቹ ያለ ድራይቨር ይሠራሉ። እሷ ያላት ግን አሮጌዋ ናት። ወሩም እያለቀ ነበር። የቫት ማሳወቂያ ቀን ደርሷል።

ደወለችልኝ። አልጮኸችም። «ኮምፒውተሬን አሳመርክልኝ፤ ሥራዬን ግን ወሰድክብኝ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ በዚያ ሳምንት ክፍለ ሀገር ነበርኩ። ሰፈሯ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጎበዝ ልጅ ነው። ዊንዶውስ ቢበላሽ ዓይኑን ጨፍኖ ያስተካክለዋል። ሊኑክሱን ሲያይ ግን «ይሄን ማነው የጫነብሽ? ፎርማት ይደረግ» ነው ያላት። ሊወቀስ አይገባም። በዓለም ላይ ካሉ ዴስክቶፖች ሊኑክስ ያለባቸው ከመቶ አራት አምስት ቢሆኑ ነው። ከሥራው ዕድሜ አንዴ ወይ ሁለቴ የሚያየውን ነገር ለምን ይማረው? የአጎቴ ልጅ ያጣችው ጥሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይደለም። ሚንቱ ራሱ አንድ ቀን አልተበላሸም። ያጣችው በእግሯ ሄዳ የምታገኘው፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ዊንዶውስ አጠገቧ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው አለው። ሊኑክስ እኔን ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ አልነበርኩም።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ሊኑክስ መጫንን ክርስትና እንደማንሳት ነው የማየው። ጭነህ አትሄድም። የአንተ ነው። ስልክ ታነሳለህ። ካልቻልክ ባትጀምረው ይሻላል። ለአጎቴ ልጅ ዊንዶውሱን መልሼ የጫንኩላት እኔው ነኝ፤ ፈቃዱንም ከኪሴ ገዛሁላት። ሊብረኦፊስ የሚባለው ክፍት የጽሕፈት ፕሮግራምና ፋየርፎክስ ግን እንዳሉ ቆዩ። እስካሁን ደብዳቤዋን በሊብረኦፊስ ነው የምትጽፈው። ወድዳዋለች።

ይህ የሚረዳ ሰው የማግኘት ጉዳይ በትልልቅ ተቋማትም ታይቷል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ኮምፒውተሮቿን ወደ ሊኑክስ ለመቀየር ወሰነች። ነገሩ ማይክሮሶፍትን አሳስቦት ዋና ሥራ አስፈጻሚው ስቲቭ ባልመር ራሱ ከንቲባውን ሊያነጋግር ሄዶ ነበር። ሊሙክስ የተባለው ፕሮጀክት በ2013 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ቀይሮ ነበር። በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። ፖለቲካም ነበረበት፤ አመራሩ ተቀይሯል። ሠራተኞች ከውጭ የሚመጣ ዶክመንት እየተበላሸ ይከፈትባቸው ነበር። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን የአይቲ ሥራው በየመምሪያው ተበታትኖ ስለነበር ችግር የገጠመው ሠራተኛ ቶሎ መልስ አያገኝም ነበር። የተማረረ ሠራተኛ ደግሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ነው የሚጠላው።

የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ግን ተሳክቶለታል። እነዚህ በገጠሩና በትናንሽ ከተሞች የሚሠሩ ፖሊሶች ናቸው፤ የኮምፒውተር ሰዎች አይደሉም። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ኦፕንኦፊስን፣ የሊብረኦፊስን ቀዳሚ፣ አስገቡ፣ ዊንዶውሱ ላይ። ቀጥሎ ፋየርፎክስንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ተንደርበርድን አስገቡ። ሰዉ እጁ ከለመደ በኋላ፣ በ2008፣ ከሥር ያለውን ሥርዓት ወደ ኡቡንቱ መቀየር ጀመሩ። ጄንድቡንቱ ብለው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቻቸው በእሱ ይሠራሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ፣ በመጨረሻ ሥርዓቱ። እኔ የአጎቴ ልጅ ላይ ገልብጬ ነው ያደረግኩት። አሁን ማንም ሲጠይቀኝ «መጀመሪያ ዊንዶውስህ ላይ ሊብረኦፊስን ሦስት ወር ተጠቀም፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ነው የምለው። ከሦስት ወር በኋላ ግማሹ አይመለስም። የሚመለሰው ግን ዝግጁ ሆኖ ነው የሚመጣው።

የፊደላችን ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ያኖሩት። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን የዚያን ጊዜው አሠራር ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ ነበር። ፎንቱ ከሌለ «ሰላም» የሚለው ቃል ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ጥርቅም ሆኖ ይወጣል። በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ እንዲህ የተጻፈ ብዙ ዶክመንት አለ። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ይህን በየጊዜው ይገጥመዋል።

ዩኒኮድ የሆነውም ከችግር አይድንም። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው በኒያላ ፎንት ይጽፋል። ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም። በእሱ ቦታ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ይገባል። ሁለቱም ውብ ፎንቶች ናቸው፤ ክፍትም ናቸው። ግን ሰፋ ያሉ ናቸው። ሦስት ገጽ የነበረው ደብዳቤ አራት ይሆናል። ፊርማና ማኅተሙ ብቻውን አራተኛው ገጽ ላይ ይወርዳል። ለጉዳይ የሚሮጥ ሰው ይህን ይዞ ቢሮ ቢሄድ አይቀበሉትም።

እትዬ ቃለ ጉባኤያቸውን የሚያሳትሙበት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። እዚያ ይህን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። ጋሼ ሊኑክስ እንድጭንላቸው የጠየቁኝ በሾርትከት ቫይረስ ምክንያት ነው። ታውቁታላችሁ፤ ፍላሹን ስትሰኩት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ይቆያሉ፣ እውነተኛው ፋይል ይደበቃል። በቀን ስንት ፍላሽ የሚሰካበት ቤት ነው። አንዱ ደንበኛ ያመጣውን ለሌላው ሁሉ ያድለዋል። የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጥታ እያለቀሰች የሄደች ልጅ እንደነበረች ነገሩኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ሁለቱን ጥያቄ ነው። ምን ይሠራሉ? የአማርኛ ጽሕፈት፣ ፎቶ፣ መታወቂያ ላሚኔሽን፣ ኮፒ። ማን ይጠግናል? የወንድማቸው ልጅ፣ ዊንዶውስ ብቻ የሚያውቅ። ታይፕ የምታደርገው ልጅ ጣቶቿ የለመዱት የፓወር ግዕዝን አቀማመጥ ነው። ቁልፎቹን ሳታይ ነው የምትጽፈው። ሊኑክስ ላይም አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ አይባስ የሚባለው አለ፣ ኪማንም አለ፣ አንዴ ከተስተካከለ እኔ ራሴ ይህን የምጽፈው በእሱ ነው። ግን እሷ እንደ አዲስ ልትማር ነው። በገጽ የሚከፈላት ልጅ ፍጥነቷን መቀማት ሥራዋን መቀማት ነው። እዚህ ላይ የአጎቴ ልጅ ድምፅ መጣብኝ።

አይሆንም አልኳቸው። ሦስቱን ኮምፒውተር እንዳሉ ተውናቸው። መጋዘን የተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበራቸው፤ እሱ ላይ ሚንት ጫንኩ። ሥራው አንድ ብቻ ነው። የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ይሰካል። የዊንዶውስ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። የተደበቀው ፋይልም ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ይወጣል፣ ፍላሹ ይጸዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ልጅቷ በአሥር ደቂቃ ለመደችው። ሞኒተሩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፣ በትልቅ ፊደል፦ «ፍላሽ በቅድሚያ እዚህ»። ስምንት ወር ሆነው። ሾርትከት ቫይረስ ወደ ሦስቱ አልገባም።

የሊኑክስ ዓይነት መብዛቱን ብዙ ሰው እንደ ችግር ያነሳል። ደቢያን፣ ፌዶራ፣ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ሌላም ሌላም። ለጀማሪ ያደናግራል፣ እውነት ነው። እኔ ግን አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚያውቀውን ጫኑ ብዬ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ። ሁልጊዜ አንድ ክርክር እሰማለሁ። «ሶርስ ኮዱ ክፍት ሆነ አልሆነ ለተራ ሰው ምን ይፈይዳል? ኮድ አያነብም።» እኔም ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ሊብረኦፊስ በአማርኛ ተተርጉሟል። ለእትዬ ስጭን አማርኛውን መረጥኩላቸው። ሜኑው ሁሉ በአማርኛ ሆነ። ሚንቱ ራሱ ከፊሉ በአማርኛ፣ ከፊሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የተተረጎመው ሙሉ አይደለም። እትዬ በሁለተኛው ሳምንት ደወሉልኝ። አንድ ቃል አልተዋጠላቸውም።

«ይሄ እዚህ ቦታ አይገባም። ማነው የጻፈው?»

«በጎ ፈቃደኞች ናቸው እትዬ። ያለ ክፍያ የሚሠሩ።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ተሳስተዋል።»

«እንግዲያው ያርሙት።»

ጸጥ አሉ። «እኔ?»

«እርስዎ። ክፍት ነው። ማንም ሰው የተሻለ ቃል ማቅረብ ይችላል።»

ከ30 ዓመት በላይ ደብተር ያረሙ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ስሄድ ቀይ እስክሪብቶና ባለ 50 ሉክ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍለውታል። በግራ ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል፣ በቀኝ የእሳቸው። ከጎኑ ምክንያቱ በአንድ መስመር። እኔ ዌብሌት የሚባለው የትርጉም ገጽ ላይ እየገባሁ አስተያየታቸውን አስገባላቸዋለሁ። የሚጸድቅ አለ፣ የማይጸድቅ አለ። ያልጸደቀውን ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዴ ይሟገታሉ። «ያረምኩት ቃል ሲልቨር ስፕሪንግም ይታያል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አማርኛውን ከመረጠች ይታያታል አልኳቸው። ልጃቸው ሊብረኦፊስ ጭና አማርኛውን መርጣለች።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሦስት ገጽ ሞልቷል ብለውኛል፤ ደብተሩን ለመውሰድ እሄዳለሁ።